በዴልሂ ጐዳና ያየሁት

ወደ ሩቅ አገር ደርሶ የተመለሰ ሰው ያየውን ጽፎ ለወገኑ ማካፈል በአገራችን የቈየ ልማድ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ሄደው በተመለሱ ጊዜ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። ከእርሳቸውም በኋላ ክቡር ዶክተር ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» በሚለው መጽሐፋቸው የአንባቢን ዐይን ወደ ምሥራቅ መለሱ። እነዚያ ታላላቅ ሰዎች ያሳስባቸው የነበረው የአገር ሥልጣኔ ነው። እኔ ግን ወደ ዴልሂ የሄድሁት ማንም ልኮኝ አይደለም፤ የታመመች እናቴን ይዤ ነው። የምጽፈውም ሁሉ ከሆስፒታሉ በር እስከ አትክልት ሻጩ ጋሪ ባለው መንገድ ያየሁት ስለ ሆነ፣ አንባቢ ከዚህ የበለጠ እንዳይጠብቅብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

እናቴ በልደታ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙ ሳይርቅ፣ ከሃያ ዓመት በላይ ጉሊት ተቀምጣ አራት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። ማዳበሪያ አንጥፋ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን፣ ቃሪያውንና ድንቹን በመደብ በመደብ ትደረድር ነበረ። እኔም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን የጨረስሁት፣ በኋላም በአንድ ጽሕፈት ቤት የጸሐፊነት ሥራ ለመያዝ የበቃሁት ከዚያ መደብ በተገኘ ገንዘብ ነው። በ2002 ዓ.ም. ገደማ አሮጌው ልደታ ፈርሶ በምትኩ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲሠሩ ጭቃ ቤታችንም ጉሊቱም አብረው ሄዱ። እዚያው ልደታ በአራተኛው ፎቅ ላይ ቤት ደረሰን። በቤታችን ውስጥ የቧንቧ ውሃና የራሳችን መጸዳጃ ያገኘነው ያን ጊዜ ነውና ይህን በቅሬታ አልናገረውም። ይሁን እንጂ እናቴ ከዚያ ወዲህ ገበያ የሌላት፣ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ወደ ታች የምትመለከት ሰው ሆነች።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ሳልሸሽግ ልናገር። በምሠራበት ጽሕፈት ቤት ከማዘጋጃቸው ደብዳቤዎች መካከል በመንገድ ዳር የሚነግዱ ሰዎች ከቦታቸው እንዲነሡ የሚያሳስቡ ይገኙባቸዋል። የሚፈርመው ሌላ ነው፤ ቃሉን የማስተካክለው ግን እኔ ነኝ። «ሕገ ወጥ የጐዳና ላይ ንግድ የሚያካሂዱ ግለሰቦች» የሚለውን ሐረግ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍሁት ቍጥሩን አላውቀውም። እናቴ የሥራዬን ዝርዝር ጠይቃኝ አታውቅም፤ ታውቀዋለች ብዬ ግን እገምታለሁ።

ሕመሟ የልብ ነው። ሐኪሞች እንዳስረዱን፣ በልጅነት የሚይዝ የጕሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር ከብዙ ዓመት በኋላ በልብ ውስጥ ያሉትን በሮች ያበላሻል። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት አቃታት፤ ቀጥሎም ጋደም ብላ መተኛት። የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ እስኪወጣ፣ የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቀድ፣ ዕድርተኛውና ዘመድ አዝማዱ እስኪያዋጣ አንድ ዓመት ያህል አለፈ። በመጨረሻ በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተሳፍረን ከአዲስ አበባ በቀጥታ ዴልሂ ገባን።

ያረፍነው በደቡብ ዴልሂ ሃውዝ ራኒ በሚባል ሰፈር ነው። ከተማው አድጎ ዙሪያውን ከቦት ቢያልፍም የሃውዝ ራኒ መንገዶች እንደ መንደር መንገድ ጠባብና ጠማማ ሆነው ቀርተዋል። በአቅራቢያው ሆስፒታል ስላለ ብዙዎቹ ቤቶች ለሕሙማን ይከራያሉ። ሁለት ሰው ጐን ለጐን በማያሳልፍ መንገድ ላይ የአፍጋን፣ የኢራቅ፣ የሱዳን፣ የናይጄሪያና የእኛ አገር ሰው ይተላለፋል፤ ሁሉም በብብቱ ትልቅ የራጅ ፖስታ ይዟል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ባያውቅም ፖስታውን አይቶ ራሱን ዝቅ በማድረግ ሰላምታ ይሰጠዋል።

የዴልሂን ጐዳና አስቀድሞ የሚያውቀው ዐይን ሳይሆን ጆሮ ነው። በእኛ ከተማ ጡሩንባ የሚነፋ ሾፌር ብዙ ጊዜ ተቈጥቶ ነው፤ በዚያ ግን «አለሁ፣ እያለፍሁ ነው» ለማለት ያህል ሁሉም ይነፋል። በየከባድ መኪናውም ጀርባ «እባክዎ ጡሩንባ ይንፉ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ በአበባ ሥዕል መካከል ይታያል። በዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል አንዲት ላም በአስፋልቱ ላይ ተኝታ ታመሰኳለች፤ መኪናው፣ ብስክሌቱና እግረኛው ግራና ቀኝ ይከፈልላታል እንጂ ማንም ተነሺ አይላትም። እናቴ ከመኪናው መስኮት እያየቻት «ይህችስ ደብዳቤ አይደርሳትም» አለች። እኔም ሣቅሁ፤ የቀልዱ መጨረሻ ወዴት እንደሚያመራ ግን ገብቶኝ ወዲያው ዝም አልሁ።

የባጃጅ ነገርም አስገርሞናል። ባለ ሦስት እግሩን ተሽከርካሪ ባጃጅ የምንለው በሠራው በሕንድ ኩባንያ ስም ነው። የስሙ አገር ደርሼ «ባጃጅ! ባጃጅ!» ብዬ ስጣራ ግን የዞረልኝ አልነበረም። በዚያ ስሙ «አውቶ» ሲሆን፣ መልኩም እንደ እኛው ሰማያዊ ሳይሆን አረንጓዴና ቢጫ ነው። ሒሳብ የሚቈጥር መሣሪያ በፊቱ ተተክሏል፤ ሾፌሩ ግን «ተበላሽቷል» ይላል፤ ስለዚህም ክርክሩ ልክ እንደ አገራችን በቃልና በእጅ ይሆናል።

ፀሐይ እንደ ወጣች ጋሪዎቹ ወደ መንደሩ ይገባሉ። ባለ አራት ጐማ የእንጨት ጋሪ እየገፋ አንዱ አትክልት፣ አንዱ ፍራፍሬ፣ አንዱ አሮጌ ብረትና ወረቀት ለመግዛት ይመጣል። ይህ የመጨረሻው የእኛ ቆራሌው ወንድም ነው፤ «ካባዲ!» ሲል ድምፁን ከአፍንጫው አውጥቶ መጨረሻውን ይጐትተዋል። እናቴ ገና በሁለተኛው ቀን፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች፣ ጩኸቱን በመስማት ብቻ የትኛው ምን እንደሚሸጥ መለየት ጀመረች። «ይህ ድንች ነው፤ ከባድ ነገር የሚገፋ ሰው ትንፋሹ አጭር ነው» ትለኝና ወርጄ ሳይ እውነትም ድንች ይሆናል።

ከፊት ለፊታችን ባለው ቤት በሦስተኛው ፎቅ አንዲት ባልቴት ትኖራለች። ሻጩ ከታች ሲጣራ በገመድ የታሰረ ቅርጫት ታወርዳለች፤ ገንዘቡ በቅርጫቱ ውስጥ ነው። ሻጩ መዝኖ ይጨምርበታል፤ እርሷም ከላይ ሆና ትከራከራለች፤ አንዳንድ ጊዜ አንዱን ቲማቲም ደስ ሳትሰኝበት ቀርታ ቅርጫቱን ደግማ ትመልስለታለች። እናቴ ይህን በመስኮት እያየች ረጅም ጊዜ ቈየች። በመጨረሻ «አራተኛ ፎቅም ቢሆን ገመዱን ማስረዘም ነው እንጂ» አለች።

በሦስተኛው ቀን «አውርደኝ» ብላ አስቸገረችኝ። ደግፌ አወረድኋት። በመንገዱ መታጠፊያ ላይ በዕድሜ እናቴን የምታህል ሴት ጆንያ አንጥፋ፣ በፊቷ የእጅ ሚዛን አድርጋ ትሸጣለች። እናቴ ከአጠገቧ ቍጢጥ አለች፤ ሐኪሙ ቢያይ ይቈጣ ነበረ። በኪሎ መግዛትን አታምንም፤ በእጇ መሬቱ ላይ ክብ እየሠራች «በመደብ፣ በመደብ» ትላታለች። ሴትዮዋ አልገባትም፤ ግን ሣቀች። ቲማቲሙን መዝና ሰጠቻት፤ እኔም ከፈልሁ። እናቴ ግን አልተነሣችም። እጇን እንደ ዘረጋች «መርቂልኝ እንጂ» አለቻት፤ በአማርኛ።

እዚህ ላይ ያየሁትን እንዴት እንደምጽፈው ተጨነቅሁ። ሴትዮዋ ሳትጠይቅ፣ ሳታመነታ፣ አንድ ጭብጥ የድንብላል ቅጠልና አራት ቃሪያ አንሥታ በእናቴ እጅ ላይ አኖረች። በዴልሂ አትክልት የገዛ ሰው ድንብላልና ቃሪያ በነጻ ሲጨመርለት ልማድ መሆኑን በኋላ ተረዳሁ። በእኛ ቋንቋ ሻጭ ከመደቡ ላይ የምትጨምረው ምራቂ፣ ሽማግሌ ከወንበሩ ሆኖ የሚሰጠውም ምርቃት ይባላል፤ ቃሉ አንድ ነው። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «መረቀችኝ እኮ!» ባለች ጊዜ ከሁለቱ የትኛውን ማለቷ እንደ ነበረ አልጠየቅኋትም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሴቶች ተዋወቁ። ሴትዮዋ እናቴን «ማታጂ» ትላታለች፤ «ማታ» እናት ማለት ሲሆን «ጂ» የሚለው ጭራ እንደ እኛ አንቱታ ያለ የአክብሮት ምልክት ነው። ከጐኗ ሻይ የሚያፈላ ሰው አለ፤ ሻይን እነርሱም «ቻይ» ይሉታልና በዚህ አልተቸገርንም። የተቸገርነው በወተቱ ነው፤ ከመጀመሪያው አንሥቶ ከወተት ጋር ያፈሉታልና። ዐቢይ ጾም የገባው እዚያ ሳለን ነው፤ የንስሐ አባቷ ለሕመሟ ብለው ከጾሙ ቢፈቷትም እናቴ ወተት አልቀምስም አለች። «ካሊ ቻይ» ማለትን፣ ማለት ጥቁር ሻይ፣ የተማርነው በዚህ ምክንያት ነው። ሳሞሳ ባመጡላት ጊዜ ደግሞ አገላብጣ አይታ «ሳምቡሳማ የእኛ ነው፤ ማን አመጣላቸው?» አለች። ነገሩ እንዲህ አለመሆኑን ለማስረዳት ሞክሬ ተውሁት።

አንድ ነገር ብቻ አልወደደችም፤ የገንዘቡን አከፋፈል። ገዢው ስልኩን በጋሪው ላይ በተለጠፈ ምልክት ፊት ሲያሳይ በጋሪው ላይ ያለች ትንሽ ሣጥን «ይህን ያህል ሩፒ ገብቷል» ብላ ጮኻ ትናገራለች። በእኛም አገር በቴሌብር መክፈል ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ እየተለመደ መጥቷል፤ ዳሩ ግን ጮኾ የሚናገር ሣጥን እናቴ አላየችም። «የሰው ገቢ በአደባባይ ይነገራል?» ብላ ተከፋች።

መጋቢት 5 ቀን ሆስፒታል ገባች፤ በማግሥቱም ከልቧ በሮች አንዱን በሰው ሠራሽ ለወጡላት። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት እርሷን ለማየት የሚፈቀድልኝ በቀን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበረ። የቀረውን ሰዓት ከበሩ ፊት ተቀምጬ መቍጠር አልቻልሁም። ስለዚህ በማልቪያ ናጋር ጣቢያ ከመሬት በታች በሚሄደው ባቡር ተሳፍሬ ወደ አሮጌው ዴልሂ ወጣሁ። የዴልሂ የከተማ ባቡር በእ.ኤ.አ. 2002 ሥራ የጀመረ ነው። በልደታ በቤታችን አጠገብ የሚያልፈውን፣ በመስከረም 2008 ዓ.ም. የተጀመረውን የእኛን ቀላል ባቡር የለመደ ሰው በርዝመቱና በሕዝቡ ብዛት ይደነግጣል። እኔም ከመደንገጤ የተነሣ በመጀመሪያው ፉርጎ ዘልዬ ገባሁ። ሁሉም ሴቶች ናቸው። አንዲት ተማሪ በጣቷ ወደ ጽሑፉ ብታመለክተኝ የመጀመሪያው ፉርጎ ለሴቶች ብቻ የተመደበ ኖሯል። በሚቀጥለው ጣቢያ ላይ ዐንገቴን ደፍቼ ወረድሁ።

ቻንድኒ ቾክ ማለት የጨረቃ ብርሃን አደባባይ ማለት ነው። የንጉሥ ሻህ ጀሃን ልጅ ልዕልት ጃሃናራ በእ.ኤ.አ. 1650 ገደማ ያሠራችው ገበያ ሲሆን፣ በመካከሉ ይፈስ በነበረው ውሃ ላይ ጨረቃ ስለምትታይ ይህን ስም አገኘ ይባላል። ዛሬ ውሃው የለም። ጐዳናው በምሥራቅ ከቀዩ ግንብ ተነሥቶ በምዕራብ እስከ ፋተህፑሪ መስጊድ ይደርሳል። በዚህ አጭር መንገድ ላይ የጃይኖች ቤተ መቅደስ፣ የሂንዱዎች ቤተ መቅደስ፣ የሲኮች ጸሎት ቤት፣ የክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያንና የእስላሞች መስጊድ ይገኛሉ፤ በመርካቶ ራጉኤልና አንዋር መስጊድ ተጠጋግተው የቆሙበትን ሰፈር ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። በጃይኖቹ ቤተ መቅደስ ውስጥ ደግሞ ለታመሙ ወፎች የተሠራ ሆስፒታል አለ። የሰውን ሆስፒታል ሸሽቼ መጥቼ ነበርና ወደዚያ አልገባሁም።

በሲኮቹ ጸሎት ቤት ግን ገባሁ። ዘጠነኛው መምህራቸው ጉሩ ቴግ ባሃዱር በእ.ኤ.አ. 1675 በንጉሥ አውራንግዜብ ትእዛዝ አንገታቸውን የተቀሉበት ቦታ ነው። ራሴን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ከማላውቀው ሰው ጋር በተርታ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ፤ ምስርና ቂጣ ሰጡኝ። ሃይማኖትህ ምንድን ነው፣ አገርህ የት ነው ያለኝ የለም። ከእናቴ ቀዶ ሕክምና ወዲህ እስክጠግብ የበላሁት ያን ቀን ነው።

ከዚያ ወደ ካሪ ባኦሊ አለፍሁ። ቅመም በጅምላ የሚሸጥበት ስመ ጥሩ ገበያ ነው። እርዱ፣ ሄሉ፣ አዝሙዱ በጆንያ ተከምሯል፤ ደረቁ በርበሬ ግን ገና ከሩቅ ጕሮሮ ይይዛል። ሻጩም ገዢውም ተሸካሚውም ይስላል፤ እኔም ከበርበሬ ተራ የወጣሁ ያህል በእንባ ተሞላሁ። ተሸካሚዎቹ ጆንያውን በራሳቸው ላይ አድርገው እየጮኹ ሲመጡ ሰው ሁሉ ግድግዳ ይይዛል፤ ቋንቋውን ባላውቅም «ዞር በል» ማለታቸው እንደ ሆነ ሰውነቴ ቀድሞኝ ተረዳው።

ወደ ባቡሩ ስመለስ ያየሁት ነው ዋናው ነገር። በጐዳናው ዳር ካልሲ፣ ሻሽ፣ የልጅ መጫወቻ፣ የስልክ ሽፋን የሚሸጡ ሰዎች በተርታ ተቀምጠዋል። ይህ ጐዳና ታድሶ ለእግረኛ ከተለቀቀ ወዲህ በላዩ መነገድ በፍርድ ቤት ጭምር የተከለከለ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። በድንገት ከወዲያኛው ጫፍ አንድ ቃል ተነገረ። ቃሉን አላወቅሁትም፤ የቃሉን ሥራ ግን አወቅሁት። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጐንበስ አሉ፤ በእያንዳንዱ ሸራ አራት ማዕዘን ላይ ገመድ ታስሯል፤ ገመዱ ተሳበ፣ ሸራው ከረጢት ሆነ፣ ከረጢቱ በትከሻ ላይ ወጣ፣ ሰዎቹም በቅያሱ ገብተው ጠፉ። ይህን የሸራ አሠራር በሜክሲኮ አደባባይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ! መሮጥ ያቃተው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበረ። ብርቱካን ነው የሚሸጠው፤ ብርቱካን ደግሞ በገመድ ስቦ ለማምለጥ አይመችም። ሁለት ሠራተኞች ደርሰው ሚዛኑን ወሰዱበት። ብርቱካኑ ተንከባለለ። እርሱም የቻለውን ያህል አፍሶ ሄደ። በመጨረሻ ጐዳናው ባዶ ሲሆን አንድ ብርቱካን ከእግሬ ሥር ቆሞ አገኘሁ። አነሣሁት። የማስረክበው ሰው ግን አልነበረም።

ማታ ወደ ሆስፒታሉ ገብቼ ይህን ለእናቴ ነገርኋት። ድምፅዋ ገና ደካማ ነበረ።

«ከፈልኸው?» አለችኝ።

«ሰውየው ሄዶ ነበረ እማዬ።»

«እንግዲያው ዕዳ አለብህ።» ጥቂት ዝም ብላ ዐይኗን ከጣራው ሳታነሣ፣ «ቀድሞ ደብዳቤ ደርሷቸው ነበረ?» ስትል ጠየቀችኝ።

አላወቅሁም አልኋት። የጐበኚዎች ሰዓት አበቃና ወጣሁ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ ስላልወሰደኝ፣ የሥራዬም ጠባይ ሆኖብኝ፣ የሕንድን ሕግ በስልኬ ፈልጌ አነበብሁ። በእ.ኤ.አ. 2014 የወጣ፣ የመንገድ ዳር ነጋዴዎችን መተዳደሪያ የሚጠብቅና ንግዳቸውን በሥርዓት የሚያስይዝ ሕግ አላቸው። ሕጉ ሻጮቹን በቍጥር መዝግቦ ለእያንዳንዳቸው ማስረጃ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ምዝገባው ሳያልቅ ማንንም ማስነሣት ይከለክላል። በየከተማው የሚቋቋመው የንግድ ኮሚቴ ከአባላቱ ከመቶ 40 የማያንሱት ሻጮቹ ራሳቸው የመረጧቸው መሆን አለባቸው፤ ከእነዚህም አንድ ሦስተኛው ሴቶች ይሆናሉ። የሚነሣ ሰው ካለም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ይህ ሁሉ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ኢላ ባት የሚባሉ የሕግ ባለሙያ በእ.ኤ.አ. 1972 በአሕመዳባድ ከተማ ለፍቶ ዐዳሪ ሴቶችን፣ የጉሊት ሻጮችንም ጭምር፣ በማኅበር ካሰባሰቡ ጀምሮ ሻጮቹ ራሳቸው ለአርባ ዓመት ያህል በየፍርድ ቤቱና በየአደባባዩ የጠየቁት ነው።

በሕጉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ያስቆመኝ አንድ አጭር አንቀጽ ነው። የተያዘ ዕቃ የማይበላሽ ከሆነ ባለቤቱ በጠየቀ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ፣ የሚበላሽ ከሆነ ግን በዚያው ቀን እንዲመለስለት ይላል። በማግሥቱ ይህን ለእናቴ በአማርኛ ተረጐምሁላት። ደግሜ እንዳነብላት አዘዘችኝ። ከዚያም «ይህን የጻፈው ሰው ቲማቲም ሸጦ ያውቃል፤ ወይም እናቱ» አለች።

ሕጉ እንዲህ ሲል በቻንድኒ ቾክ ያየሁት ደግሞ ያ ነው። ሕግ መጻፍና ሕግ መፈጸም ሁለት ሥራ እንደ ሆኑ የዚህ መጽሔት አንባቢ ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ከዚህም ጋራ፣ ሻጩ ብቻ ባለ እውነት፣ አስነሺው ብቻ በደለኛ ነው ብል ራሴን አታልላለሁ። በሆሊ በዓል ዋዜማ እናቴ ከሆስፒታል ስትወጣ በተሽከርካሪ ወንበር ነበረ የወሰድኋት። በሃውዝ ራኒ ጠባብ መንገድ ላይ አንድ የጭማቂ ጋሪ መተላለፊያውን ዘግቶ ቆሟል፤ ግራ ግድግዳ፣ ቀኝ ቦይ ነው። የእግረኛ መንገድ ለእግረኛ መሆን አለበት ብዬ በምጽፈው ደብዳቤ ሁሉ ያለው ቍጣ ያን ጊዜ በእውነት መጣብኝና ጮኽሁ። እናቴ ግን ከወንበሩ ላይ እጄን ይዛ «ቈይ፣ ይሽጥ፤ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው» አለችኝ። ቆምን። ሁለቱ ሰዎች ጠጥተው ሄዱ፤ ባለ ጋሪውም ጋሪውን አዙሮ አሳለፈን፤ ለእናቴም አንድ ብርጭቆ ጭማቂ ያለ ዋጋ ሰጣት።

በማግሥቱ በሆሊ ቀን ከተማው ሁሉ በቀለም ሲራጭ ዋለ፤ ዳቦ ልገዛ ብወጣ የሰፈሩ ልጆች ነጭ ሸሚዜን ሐምራዊ አደረጉልኝ። ከመመለሳችን በፊት አንድ ቀን ደግሜ ወደ ቻንድኒ ቾክ ሄጄ ያን ሽማግሌ ፈለግሁት። ሌሎቹ ሁሉ ሸራቸውን አንጥፈው ነበረ። እርሱን ግን አላገኘሁትም።

በሚያዝያ መጀመሪያ አገራችን ገባን። በከተማችን የኮሪደር ልማት ተጀምሮ በፒያሳ የማውቃቸው ብዙ አሮጌ ቤቶች ተነሥተው ነበረ። እናቴ አራቱን ፎቅ በየደረጃው እያረፈች አንድ ጊዜ ወጣች፤ ከባድ ነገር እንዳታነሣና ደረጃ እንዳታበዛ ስለ ታዘዘች ለደም ምርመራ ካልሆነ በቀር መውረድ አቆመች። በሁለተኛው ሳምንት ከመርካቶ ገመድ አምጣ አለችኝ። አመጣሁ። ሰሌን ዘንቢል አስራ ከበረንዳው ላይ አወረደች።

ከሕንጻችን ሥር ጧት ጧት አትክልት የምትሸጥ አንዲት ወጣት ሴት አለች። መጀመሪያ ዘንቢሉ ከሰማይ ሲወርድባት ደንግጣ ነበረ፤ አሁን ግን ለምዳዋለች። እናቴ ከላይ «እትዬ አትበዪ፤ መደቡን ከፍ አድርጊ!» ትላታለች፤ ጐረቤቱም ሁሉ ይሰማል። ሌሎች ሁለት ቤቶችም ገመድ ገዝተዋል።

ከፋሲካ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ጧት እቤት ሳለሁ ከታች ጩኸት ሰማሁ። የደንብ ማስከበር ባልደረቦች ከወዲያኛው ሕንጻ በኩል እየመጡ ነው። ልጅቱ ቲማቲሟን በሁለት እጇ እያፈሰች በእናቴ ዘንቢል ውስጥ ገለበጠችው፤ «እማማ፣ ሳቡት! ሳቡት!» እያለች። እናቴ ገመዱን ያዘች፤ ወዲያው የሐኪሙ ቃል ትዝ አላትና ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ ና ሳብ።»

ሳብሁ። ዘንቢሉ ከባድ ነበረ፤ በየፎቁ ግድግዳውን እየታከከ ወጣ። ከታች የቆመው ሰው ቀና ብሎ አየኝ። በሥራ ምክንያት የሚያውቀኝ ነው፤ እጁን አንሥቶ ሰላም አለኝ፤ እኔም ገመዱን በአንድ እጄ ይዤ ሰላምታውን መለስሁለት።

ቲማቲሙ ቀኑን ሙሉ በማድ ቤታችን ዋለ። ማታ ልጅቱ ስትመጣ እናቴ በመደብ በመደብ ከፍላ፣ ቈጥራ አስረከበቻት። ሁለት ቲማቲም ግን በራሷ ሳሕን ላይ አስቀርታለች። ልጅቱ ሳሕኑን ስታይ እናቴ «ይህ ምራቂዬ ነው» አለቻት።